ከደረት አጥንቴ ጀርባ የቀረው ሥጋ

መጀመሪያ የከዳኝ የግራ ዓይኔ ሽፋን ነው። ሱቄ ውስጥ ቆሜ አቡጀዲ ስለካ ሽፋኑ ዝቅ አለ። በጣቴ ከፍ ባደርገው ተመልሶ ወረደ። አቧራ ገብቶብኝ ይሆናል ብዬ ታጠብኩ። በማግሥቱ ጧት ዓይኔ ደህና ስለነበር ነገሩን ረሳሁት። ከሰዓት በኋላ ግን እንደገና ወረደ።

ይህ የሆነው ጣልያን ከወጣ በኋላ ባሉት ዓመታት፣ መቀሌ ውስጥ ነው። እኔ ተወልጄ ያደግኩት ወሎ ነው። ገና ጎረምሳ ሳለሁ ከነጋዴዎች ጋር ወደ ሰሜን መጥቼ፣ ዛሬ ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር፣ ገበያው አጠገብ ትንሽ የጨርቅ ሱቅ ከፈትኩ። ከከተማው አጠገብ ካለችው ከኲሓ ሰዎች ዘሃራን አገባሁ። እሷ ትግርኛ አስተማረችኝ፣ እኔ አማርኛ አስተማርኳት፤ ስንጣላ ግን እያንዳንዳችን በየቋንቋችን ነበር። ድምፄ ጥሩ ስለነበር የሰፈራችን መስጊድ ኢማም ሼህ ኑር አዛን እንዳደርግ አዘዙኝ። በጥሪዬ የሚነሳ፣ በጥሪዬ ሱቁን የሚዘጋ ሰው ብዙ ነበር። በዚህ ትንሽ ኩራት ይሰማኝ እንደነበር አልክድም።

ከዓይኔ ሽፋን ቀጥሎ እይታዬ ተበላሸ። ቀኑ ሲገፋ አንዱ ጨርቅ ሁለት ይሆንብኛል። አንድ ደንበኛ መቀሱን ባዶ ቦታ ላይ ሳስኬደው አይቶ፣ «እንግዲህ ያንን የማይታየውን በርካሽ ስጠኝ» ብሎ ቀለደ። አብሬው ልስቅ ስል ከንፈሬ ወደ ላይ ብቻ ተነሳ፤ ጉንጮቼ አልተከተሉም። ሰውየው ፊቱን አጥቁሮ ወጣ። ለካ ፈገግ ያልኩ ሲመስለኝ ሰው የሚያየው ጥርሱን የሚያሳይ ውሻ ነው።

ዘሃራም አንድ ምሽት መሶቡን አስቀምጣ፣ «ምን አድርጌ ነው የምትንቀኝ?» አለችኝ።

«ማን ናቀሽ?»

«ስናገር አፍህን ታጣምማለህ። ዓይንህን ትጨፍናለህ። ጧት ደህና ሰው ነህ፤ ማታ ማታ እኔን ማየት ያስጠላሃል።»

አላስጠላችኝም። ግን ያንን እንኳ ለመናገር ምላሴ ከብዶኝ ቃሉ በአፍንጫዬ ወጣ። ያፌዝኩባት መስሏት ተነስታ ሄደች።

በመጨረሻ ድምፄም ሄደ። የንጋቱ የሱብሒ አዛን እንደ ድሮው ነበር፤ የቀትሩ ዙህርም አያሳፍርም። ከሰዓት በኋላ ዐስር ላይ መጎተት ይጀምራል። ፀሐይ ስትገባ፣ መግሪብ ላይ፣ ቃሉ ይሸሻል፤ የማታውን ዒሻ ደግሞ አንድ ቀን መሐል ላይ አቆምኩት። ማቆም ፈልጌ አልነበረም፤ ጉሮሮዬ እንደ ደከመ በሬ ቁጭ አለ። ገበያው ጸጥ ብሎ ቀሪውን ጠበቀ፤ ቀሪው አልመጣም። ሼህ ኑር ራሳቸው ወጥተው ጨረሱት።

«አንተ ልጅ፣ ጧት አንበሳ ማታ ድመት የሚያደርግህ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ሼህ፣ እኔም አላወቅሁትም።»

«በሽታ ከሆነ ጧት የት ይሄዳል?»

ያን ጊዜ የጠየቀኝ ሁሉ የጠየቀው ይህንኑ ነው። ጧት ያየኝ ሰው ደህና ነው ይላል፤ ማታ ያየኝ ሰው የሚሞት ነው ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ ደግሞ ያስመስላል ብለው ይስማማሉ።

ረመዳን ሲገባ ነገሩ በግልጽ ወጣ። ሰው ለማፍጠር ሲቀመጥ መንጋጋዬ ከሥራ የሚወጣበት ሰዓት ነው። ቴምሩን አፌ ውስጥ አገላብጬ ማኘክ አቃተኝ። አጥሚቱን ስጠጣው በአፍንጫዬ ተመለሰ። በእጄ አገጬን ከሥር እየደገፍኩ፣ እየገፋሁ አኝክ ነበር። ሊነጋ ሲል ለሱሑር ስነሳ ግን እንደ ማንም ሰው እበላለሁ። ጎረቤቶቼ፣ «ጾሙ የከበደው ቀን ሳይሆን ማታ ነው» እያሉ ሳቁ። እኔም ብሆን እስቅ ነበር።

ከዚያ በኋላ ሕክምና ተጀመረ። ሼህ ኑር ቁርዓን ቀሩብኝ፣ የተቀራበት ውሃም ሰጡኝ። ክፉ ባይሆንም ሽፋኑን አላነሳውም። አንዲት ባልቴት የዓይን ማዝ ነው ብላ ሽፋኑን በምላጭ በጣችው፤ ለጥቂት ቀን አብጦ ጭራሽ ተዘጋ። አንድ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ቅባት ሰጠኝ። ሌላው ጥርስህ ነው መርዙን የሚረጨው ብሎ ሁለት ደህና መንጋጋዎች ነቀለልኝ። ማኘክ ለማይችል ሰው ጥርስ መንቀል በወቅቱ ብዙም የጎዳኝ አልመሰለኝም።

የከፋው የመጨረሻው ነው። ከሩቅ አገር የመጣ አንድ ሐኪም ጥቂት ጊዜ መቀሌ ተቀምጦ ነበር። መጠበቂያው አግዳሚ ላይ ጧት ተቀምጬ ወረፋዬ የደረሰው ከሰዓት በኋላ በመሆኑ ዕድለኛ ነኝ ብዬ ነበር፤ ፊቴ ወድቆ ያየኛል። አየኝም። ከዚያ አስተርጓሚው ድምፁን ሳይቀንስ፣ አግዳሚው ላይ ያለው ሰው ሁሉ እየሰማ፣ «ቂጥኝ ነው ይላል፤ ወደ ጭንቅላት ወጥቷል» አለኝ። ደም አልተመረመረልኝም። የቂጥኝ መርፌው ከዚያው ቀን ተጀመረ። ጭኔን አሳብጦ፣ ድዴን አቁስሎ፣ ዓይኔን እንዳለ ተወው።

ወሬው እኔ ቤት ከመድረሴ በፊት ቤቴ ደረሰ። ዘሃራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ።

«እውነት ነው?»

«አይደለም። ካንቺ በቀር ሴት አላውቅም።»

ይህን በደንብ ብናገረው ኖሮ ታምነኝ ነበር ብዬ አስባለሁ። ነገር ግን ምሽት ነበር፤ ቃሉ ተልፈስፍሶ ወጣ፤ ከንፈሬም ያንን የውሻ ሳቁን ሳቀ። በማግሥቱ ልብሷን ቋጥራ ኲሓ ወንድሞቿ ጋ ሄደች። አልተከተልኳትም። እስከዚያ ድረስ መሄድ አልችልም ነበር፤ ዳገቱ ላይ ትንፋሼ ያጥር ጀምሯል። ስተኛ ደረቴ ላይ ሰው የተቀመጠ ይመስለኛል። ስለዚህ ከግድግዳው ተደግፌ፣ ቁጭ ብዬ ማንጋት ለመድኩ። ፍርሃቱ ሞትን መፍራት ብቻ አልነበረም። ሞቼ፣ በቂጥኝ ሞተ መባሉ ነበር።

የዘሃራ ታላቅ ወንድም ሳልሕ የጨው ነጋዴ ነው፤ ግመሎች ከአፋር የሚያመጡትን አሞሌ በጭነት መኪና ወደ አሥመራ ይልካል። እህቱ ከሄደች በኋላ አንድ ጧት ሊጣላኝ መጣ። እኔ ጧት ጧት ሰው ነኝና ተቀብዬ አስቀመጥኩት። ፊቴን ተመለከተ፤ ቀጥ ያለ ነው። ድምፄን ሰማ፤ ጥርት ያለ ነው።

«አንተ ምንም አልሆንክም» አለ። «እህቴን አዋረድካት፣ አሁን ደግሞ ደህና ነህ።»

«እስከ መግሪብ ከእኔ ጋር ዋል» አልኩት። «ከዚያ በኋላ ያሻህን አድርግ።»

ዋለ። ግትር ሰው ስለሆነ ዋለ። ሱቁ ጥግ በርጩማ ላይ ተቀምጦ እንደ ዘበኛ አፈጠጠብኝ። ከቀትር በኋላ የግራ ሽፋኔ ወረደ፤ ቀጥሎ የቀኙ። ዐስር ሲደርስ አንገቴ ጭንቅላቴን መሸከም ትቶ በእጄ ደገፍኩት። መግሪብ ላይ ውሃ አቀበለኝ፤ በአፍንጫዬ ሲወጣ አየ።

«ይህን ሰው አያስመስለውም» አለ በመጨረሻ። «ቂጥኝ ያለባቸውን ሰዎች አውቃለሁ። ከፀሐይ ጋር የሚወጣና የሚገባ ቂጥኝ ግን አላየሁም።»

መንገዱ በዚያ ሰሞን በነበረው የወያነ ዓመፅ ግርግር ተዘግቶ ቆይቶ ገና መከፈቱ ነበር። በሳልሕ የጨው መኪና ላይ፣ ከአሞሌው በላይ ምንጣፍ ተነጥፎልኝ አሥመራ ገባሁ። አሥመራ ያኔ በእንግሊዞች እጅ ነበረች፤ የጣልያን ሐኪሞች ግን ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው ይሠሩ ነበር። ሳልሕ ከደንበኞቹ ጠይቆ አንድ አዛውንት ጣልያናዊ ሐኪም ዘንድ ወሰደኝ። ሰዎች «ዶቶሬ» ብቻ ነበር የሚሏቸው፤ እኔም ሌላ ስም አልፈለግሁም። የምታስተረጉመው ለተብርሃን የምትባል አስታማሚ ነች፤ አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል፤ ገና ስታየኝ፣ «አጆኻ ሓወይ፣ አይዞህ» አለችኝ።

ዶቶሬ እንደ ሌሎቹ አልቸኮሉም። ጧት አዩኝ፣ ምንም አላሉም። አግዳሚው ላይ እንድቆይ አደረጉና ከሰዓት በኋላ እንደገና ጠሩኝ። ጣራውን እያየሁ ዓይኔን እንዳልጨፍን አዘዙኝ፤ ሽፋኖቼ ቀስ እያሉ ወረዱ። ጮክ ብዬ እንድቆጥር አደረጉኝ። አማርኛ ባያውቁም ቁጥሬ እየተልፈሰፈሰ ሲሄድ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ ደም ወሰዱ። ውጤቱ ሲመጣ ለተብርሃን፣ «ደምህ ንጹሕ ነው፤ ያ የሚሉት በሽታ የለብህም» አለችኝ። ሳልሕ አጠገቤ ነበር። ተነስቶ ወደ መስኮቱ ሄደና ጀርባውን ሰጠን።

በማግሥቱ ፀሐይ ልትገባ ስትል፣ ፊቴ ሲወድቅ ጠብቀው አንዲት መርፌ ክንዴ ላይ ወጉኝ። ሆዴን ቆረጠኝ፣ ምራቄ ሞላ። ቀጥሎ አንድ ሰው ከውስጥ በጣቱ እንዳነሳቸው ሽፋኖቼ ተነሱ። ሁለቱ ሳልሖች አንድ ሆኑ። ለተብርሃን መስተዋት አምጥታ ያዘችልኝ፤ ለብዙ ወራት ያላየሁት ሰው በምሽት አየኝ።

«ተናገር» አለችኝ።

የመግሪቡን አዛን አደረግሁ፤ ሰዓቱም ደርሶ ነበር። ከዳር እስከ ዳር ጨረስኩት። በየክፍሉ ያሉ ሕመምተኞች በር በር ላይ ወጡ፤ አንዳንዱ አማተበ፣ አንዳንዱ «አሚን» አለ። ዶቶሬ እስክጨርስ ቆመው፣ ከዚያ በለተብርሃን በኩል፣ «አትደሰት፤ ጥቂት ቆይቶ ይሄዳል» አሉኝ። ሄደ። ሌሊቱን እንደ ልማዴ ተደግፌ አነጋሁት።

ሕመሙ ጡንቻ ማዘዝ የሚያቅትበት ነው አሉኝ፤ ጡንቻው አልሞተም፣ ትእዛዙ ነው የማይደርሰው። መርፌው ትእዛዙን ለጊዜው ያደርሳል። ከዚያ ራጂ አነሱኝ። በፊልሙ ላይ ከደረት አጥንቴ ጀርባ፣ ከልቤ በላይ፣ መኖር የሌለበት ጥላ ነበር።

ዶቶሬ ወረቀት አውጥተው ማሕፀን ውስጥ ያለ ጽንስ ሣሉ፤ ዓሣ ይመስላል። አንገቱ ላይ እጥፋቶች አሉት። ከእጥፋቶቹ ሽፋን፣ ጉሮሮን ከሚያለብሰው ከዚያው ስስ ልባስ፣ በግራና በቀኝ ሁለት ቡቃያዎች ወጥተው ቁልቁል ይወርዳሉ፤ ደረት ውስጥ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ። «ይህን ቲሞ እንለዋለን» አሉ። «የዚህ ልባስ ሴሎች በሌላ ቦታ እንደ ግድግዳ ድንጋይ ተጠጋግተው ይቆማሉ። እዚህ ሲደርሱ ግን ጠባያቸው ይለወጣል። እየተራራቁ፣ እጃቸውን ዘርግተው እየተያያዙ መረብ ይሆናሉ፤ በመረቡ ቀዳዳ ውስጥ ሌሎች ጥቃቅን ሴሎች ይሰፍራሉ። አንዳንዶቹ ደግሞ መሐል ላይ እንደ ሽንኩርት ተጠቅልለው ይቀመጣሉ። ሕፃን ላይ ትልቅ ነው፤ ሰው ሲያድግ ይከስማል፣ ወደ ስብ ይለወጣል። ያንተ አልከሰመም።»

«ሥራው ምንድን ነው?» አልኳቸው።

ለተብርሃን ጠየቀቻቸው። ትከሻቸውን ሰበቁ። «አናውቅም ይላሉ።»

እስከዚያ ቀን ድረስ አላውቅም ያለኝ ሐኪም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ያመንኳቸው።

ዶቶሬ ይህ ሥጋ ሲወጣላቸው የተሻላቸው ሰዎች በሌላ አገር መኖራቸውን አንብበዋል። የሞቱም አሉ። አንድ እንግሊዛዊ የጦር ሠራዊት ቀዶ ሐኪም ሊሞክረው ፈቃደኛ ነው፤ የደረት አጥንቱ ከላይ ወደ ታች ይሰነጠቃል። ሳልሕ ይህን ሲሰማ፣ «ሰው በግ ነው እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ በራሱ መኪና ሹፌር ወደ ኲሓ መልእክት ላከ።

ዘሃራ ስትመጣ ቀኑ መሽቷል፤ እኔ የምሽቱን ፊቴን ለብሻለሁ። አልጋዬ አጠገብ ቆማ ለረጅም ጊዜ አየችኝ። ሳልሕ የደሙን ነገር አስቀድሞ ነግሯት ስለነበር ስለ እሱ አልጠየቀችኝም። በጣቷ የግራ ሽፋኔን ቀስ አድርጋ አነሳችው፤ ስትለቀው ወረደ።

«አንተ ምን ትላለህ?» አለችኝ።

«መርፌው ባለበት ሰዓት ሰው ነኝ፤ በሌለበት ግንድ ነኝ። መርፌው ደግሞ መቀሌ አይገኝም።»

ይህን ለመናገር ብዙ ጊዜ ወሰደብኝ። አላቋረጠችኝም፤ የወደቀውን ቃል ሁሉ ጠብቃ አነሳችው።

«እንግዲያ ይክፈቱህ» አለች። «እኔ ከዚህ በር አልሄድም።»

ሳልሕ ሊከራከር አፉን ከፈተ። «ሳልሕ፣ ይኣክል፤ በቃ» አለችው። በቃ።

ስለ ቀዶው የማውቀው አፍንጫዬ ላይ የተደፋውን የመድኃኒት ሽታ ብቻ ነው። ስነቃ ሕመሙ ከደረቴ መሐል ወደ ሁለት ትከሻዬ ይሄዳል፤ ማሳል ማለት አጥንቴን እንደገና መሰንጠቅ ነው። ካላሳልኩ ደግሞ አክታው ያንቀኛል። ለተብርሃን ትራስ ደረቴ ላይ አስታቅፋ፣ ከኋላ ደግፋ ታስለኝ ነበር። መዋጥ ሲያቅተኝ ምራቄን በጨርቅ ትጠርጋለች። በዚያ ሰሞን ሁለት ጊዜ ትንፋሼ ሊቆም ደርሶ በመርፌ መልሰውኛል። ጎኔ የተኛ እግሩ የተቆረጠ የከረን ሰው፣ «እኔ እግር የለኝም፣ አንተ ትንፋሽ የለህም፤ አንድ ላይ አንድ ሰው አይወጣንም» ብሎ አሳቀኝ። ስስቅ ደረቴን አመመኝ፤ በጉንጬ መሳቄን ያስተዋልኩት ከቆየሁ በኋላ ነው።

ሰው በአንድ ቀን የዳንኩ እንዳይመስለው። ወጣ የተባለው ሥጋ ከወጣ በኋላም ለብዙ ወራት ማታ ማታ ሽፋኔ ይወርድ ነበር። ዶቶሬ መርፌና ክኒን አስቋጥረው ወደ መቀሌ መለሱኝ፤ ሳልሕም በጨው መኪናው እያመላለሰ ቀሪውን አመጣልኝ። መርፌውን ዘሃራ መውጋት ተማረች። እየቆየ በየቀኑ የነበረው በየሁለት ቀን ሆነ። ቀጥሎ መክበድ ሲሰማኝ ብቻ፤ በመጨረሻ መሳቢያ ውስጥ ተረሳ። መስጊድ ስመለስ አዛኑን አንድ ወጣት ይዞታል። ከእኔ ይሻላል። ሼህ ኑር ሊመልሱልኝ ፈለጉ፣ እኔ አልፈለግሁም። በኋለኛው ሰልፍ ቆሜ ሰው ሲጠራኝ መስማት ደስ ይላል።

ከረጅም ዓመታት በኋላ፣ እኔ ካረጀሁ ወዲያ፣ ሕክምና የምትማር የልጅ ልጄ ዶቶሬ ያላወቁትን ነገረችኝ። በመረቡ ቀዳዳ ውስጥ የሚያድጉት ጥቃቅን ሴሎች የሰውነት ጠባቂዎች ናቸው፤ መረቡ የሆኑት የልባሱ ሴሎች ደግሞ አስተማሪዎቻቸው። አስተማሪዎቹ ከአንድ ዓይነት እናት ሴል ተነስተው በሁለት ይከፈላሉ። ውጭ ውጭ የሚቀሩት ጠባቂው የሰውነቱን ቋንቋ መስማት ይችል እንደሆነ ይፈትናሉ። ወደ መሐል የሚገቡት ደግሞ ከጉበቱም፣ ከቆዳውም፣ ከጡንቻውም ናሙና እያሳዩ፣ «ይህ ያንተው ነው፣ አትንካው» ይላሉ። የማይሰማው እዚያው ይወገዳል። የእኔ ውስጥ ትምህርቱ ተደናገረና ጠባቂዎቼ የገዛ ጡንቻዬን ደጃፍ፣ ትእዛዙ የሚገባበትን፣ መቱ። «ዛሬ ቢሆን በክኒን እንጀምርህ ነበር፣ አባባ» አለች። እኔም ያን ጊዜ ያለው ያ ነበር አልኳት።

ይህን የማወራው ለሰው ይጠቅም እንደሆነ ነው። ጧት ደህና ሆኖ ማታ የሚወድቅ ሰው ካለ፣ ሽፋኑ የሚከብደው፣ ነገር ሁለት የሚሆንበት፣ እየበላ መንጋጋው የሚዝል፣ ያስመስላል አትበሉት። ወደ ሐኪም ሲሄድ ከሰዓት በኋላ ይሂድ። ከተቻለም አንድ ግትር ሰው አብሮት ይዋል።

ዘሃራ ኲሓ ስለሄደችበት ጊዜ ተነጋግረን አናውቅም። አሥመራ ከመጣችበት ቀን ጀምሮ ግን ለእራት የሚቀርብልኝ ሁሉ ለስላሳ ነበር፤ ገንፎ፣ ሾርባ፣ የረጠበ ፍትፍት። ዳንኩ ብላትም አልተወችም። ስበላ መንጋጋዬን በጎን ታያለች፤ ሳያት ዓይኗን ትመልሳለች። ዓመታት እንዲህ አለፉ።

አንድ ምሽት፣ ከዒሻ በኋላ፣ ያለ ምንም ወሬ አንድ ሰፌድ ቆሎ አምጥታ መሐላችን አስቀመጠች። ሽምብራ የበዛበት፣ ደህና አድርጎ የተቆላ፣ ጠጣር ቆሎ። አየኋት። አላየችኝም። አንድ እፍኝ ወሰድኩና ቆረጠምኩ። ሁለተኛ ወሰድኩ። ያን ጊዜ እሷም እጇን ዘረጋች። ሰፌዱ እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ውስጥ ሌላ ድምፅ አልነበረም።